የግራው ጠርዝ

ሰኞ ነው፤ ቴላቪን ዝናብ ይዟት ውሏል፤
ከማተሚያው ቀለም ቢጫው ብቻ አልቋል።
ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ጺያላ ብቅ አለች፣
ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ወንበር ሳበችና ጎኔ ተቀመጠች።

«ጎቻ» አለችኝ፣ «ይህን ፎቶ አስጊጥልኝ፤
ዙሪያውን በሙሉ የወይን ሐረግ ሣልልኝ።
በላይ፣ በታች፣ በቀኝ፣ ጣት ይበቃል ስፋቱ፤
በግራ በኩል ግን መዳፍ ይሁን ውፍረቱ።»

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።
ሙሽራን በጽጌረዳ፣ ሕፃንን በዳክዬ፣
ሟችን በጥቁር መስመር ሃያ ዓመት ከብቤያለሁ፤
ሰው ምን እንደሚሸሽግ ከጠርዙ አውቃለሁ።

ሦስት ናቸው። መሐል ባሏ ኑግዛር፣ ነፍሱን ይማር፣
ቀንደ ዋንጫ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ሊጀምር አንድ ነገር።
በቀኙ ትንሹ ልጅ፣ ሸሚዙ በላብ የራሰ።
በግራው ኦታር፣ የበኩሩ፣
የቁልቁለቱን ማሳ ለሆቴል የሸጠ፣
አባቱ ሳይቀበር በሌሊት ያመለጠ፤
ወንበሩ እዚያ ቤት ለድመት የተሰጠ።

አዲስ ሌየር ከፈትሁ። ቅጠል በቅጠል ላይ፣
ዘለላ ከዘለላ እያጠላለፍሁ፣
በማውስ እየጎተትሁ ወደ ግራ ገፋሁ።
ጆሮው ጠፋ።
ጉንጩ ጠፋ።
«ትንሽ ጨምር» አለች፤ ጨመርሁ፤ ትከሻውም ጠፋ።

እጁ ግን ቀረ።
ከቅጠሉ መሐል ወጥቶ፣ አባቱ ትከሻ ላይ፣
አምስት ጣት፣
አውራው ላይ የመግረዣ መቀስ ጠባሳ።
እሱን ልሸፍን ብል ኑግዛርም ሊሄድ ነው።
«ልደልዘው?» አልኋት፣ «ከሸሚዙ ቀለም ቀድቼ ብቀባው
ማንም አያውቅም።»
ዝም አለች። አሸንዳው ብቻ ያወራል።

ሐረግ ሣል ብላኝ ነው ሐረግ የምሥለው፤
ሐረግ ግን የት ያውቃል ማንን እንደሚጥለው?

«ከሥሩ አለ?» አለች ኋላ፣ ድምጿ ወርዶ፣
«ወይስ ፊቱን አጠፋኸው?»
«አለ እንጂ። ቅጠሉ ከላይ ተኛበት እንጂ እሱን አልነካሁትም።»
ከሌየሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ዐይን ተጫንሁ፤
ሐረጉ ባንዴ ረገፈ፤
ኦታር ሙሉውን ቆመ፣ እየሳቀ፣ ፀሐይ ዐይኑን አጥብቦት።
መልሼ ተጫንሁ። ቅጠል።
«እስቲ ድገመው» አለች።
ልጅ።
«ድገመው።»
ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርሁም።

«እጁን ተወው» አለች በመጨረሻ። «ባለ ሐረጉን አትም፤
ያኛውን ስልኬ ላይ አስቀምጠው፤ ለማንም እንዳትነግር።»

አሥራ ሁለት ላሪ ከፈለችኝ፣ ሁሉንም በሳንቲም።
ቢጫው አልቋልና ቅጠሉ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤
እንደገና ላትመው አልኋት፣ ነገ ቀለም ሲመጣ፤
አይሆንም አለች።
የሰዎቹም ገላ ቀልቷል፤ ያ እጅ ግን ከሁሉ ባሰ፣
ከውርጭ አሁን የደረሰ፣
በር ሲያንኳኳ የቆየ ይመስል።