ከነጫማዬ

ልጅ ሆኜ፣ ገንደ ቆሬ፣ በዚያ ቆርቆሮ ቤት
ጫማ አውልቄ ተኝቼ አላውቅም አንድም ሌት።
ላብ ያራሰው ኮንጎ እግሬን ቢያሳክከኝ፣
ጣሪያው እንደ ምጣድ ግሎ ቢቀቅለኝ፣
አላወልቅም ነበር።
ምክንያት ነበረኝ።

አባቴ ፍሬን ያዥ ነበር፣ የባቡር ሰው፤
ሐዲዱ ዝም ሲል ዝምታው ወረሰው።
ስንት ፉርጎ ሙሉ ያቆመው ያ እጁ
እቤቱ ሲገባ አልቆም አለ ለልጁ።

ሰው «መጠጡ ነው» ይላል። ጠብታ አልቀመሰም።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሱ ደግ የለም፤
ጫቱን እየቃመ፣ ጉልበቱ ላይ አርጎኝ፣
ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ ብሎ አስጠናኝ።
ሲመሽ ግን፣ ምርቃና ከድቶ ሲጥለው፣
ይመጣል ያ ሌላው፣ ያ ስም የሌለው።

እናቴን ይዞ የሄደው ባቡር
ፍሬኑ በሱ እጅ ነበር ይባላል።
እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤
ልቤ ግን ይቀበላል።

ሀሁ ሳልለይ ነው ቁልፍ ማንበብ የቻልኩት፤
ባንዴ ከዞረለት «ዛሬስ ደህና ነን» አልኩት፤
ማንን?
ጫማዬን።
ቀዳዳውን ስቶ ብረት ብረት ሲፍቅ ግን
በጓሮ ዘልዬ ደቻቱ ነው መድረሻዬ፤
ወንዝ ይሉታል እንጂ አሸዋ ነው፣ ይሞቃል፣
ሌሊትም የቀኑን ፀሐይ ይጠብቃል።

ከማዶ ሐሊሞ፣ የግመል ወተት ሻጯ፣
የግቢዋን በር በድንጋይ ገርበብ አርጋ
ትተኛ ነበረ፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
«ሌባ አትፈሪም ወይ?» ቢሏት ጎረቤቶች፣
«ይውሰዳ» አለች አሉ፣ «ባዶ ጀሪካኖች።»
ማን መታሽ? አላለችም።
አይዞሽም አላለችም።
ያ ድንጋይ ለኔ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ፣
እሷ ከሞተች ነው፤ ልጇ በሩን ዘግቶ፣
ድንጋዩ ውጭ ቀርቶ።

አሁን ድል ጮራ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል፣
የሌሊት ተረኛ።
ትጉህ ናት ይሉኛል። ትጋት አይደለም፤
ከሰባት ዓመቴ ወዲህ ሌሊት አላምንም።
ማሽኑ ሳይጮህ በፊት የሕፃን ትንፋሽ ሲያጥር
እሰማለሁ፣ ቆሜ ከኮሪደሩ ዳር።
ሐኪሙ ይገረማል፤ «ማን አስተማረሽ?» ይለኛል።
«ቁልፍ» እላለሁ።
ቀልድ ይመስለውና ይስቅልኛል።

ባለፈው ግንቦት ነው ነጂብን ያመጡት፣
ክንዱ ተሰብሮ፤ «ከጋሪ ወደቀ» አሉት።
እኔ ክንዱን አላየሁም። ያየሁት ጫማውን ነው፤
የተቀደደ ሸራ፣
ክሩ ሦስት ጊዜ ተቋጥሮ፣
ተኝቷል አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ።

ባልደረባዬ መጣች፦ «አንሶላው ቆሸሸ እኮ፣ አውልቅ!»
እጇን ያዝኩት። «ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

የሚጻፈውን ጻፍኩ፣ የሚደወለውን ደወልኩ፤
ቀን የወረቀት ነው። ለሌሊቱ ምን ላርግ? አልኩ።
ሆስፒታል ድንጋይ የለም።
በሩን ገርበብ አርጌ ወንበር ደገፍኩበት፣
እኔም ቁጭ አልኩበት።

ዓይኑ ቢከደንም ጆሮው እንዳልተኛ
አውቀዋለሁ፤ ያ ጆሮ የኔም ነው።
ስለዚህ ስሄድ ስመለስ ሆን ብዬ
ነጠላ ጫማዬን አንኳኳለሁ፣
ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ሁልጊዜ በዝግታ፤
ይማር፣
አንድ እርምጃ ይማር፣ መጥቶ የማይመታ።

ተረት አላውቅም። ማንም አልነገረኝ።
ያለኝን አወጣሁ፦ ሽንሌ፣ አዲጋላ . . .
የዚያ የዘጠኝ ሰዓቱ ሰውዬ ውርስ።
ይቅር አልሽው ወይ ለሚለኝ፣ እኔ እንጃ፤
ለገሃር በኩል ሳልፍ፣ የዛጉትን ፉርጎዎች ሳይ፣
እግሬ ዛሬም ይፈጥናል።
ግን ጣቢያዎቹን አልጣልኳቸውም።

በአምስተኛው ሌሊት፣ አዲጋላ ስደርስ፣
ደህናው እጁ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤
አንድ ቋጠሮ ፈታ።
አንዱን ብቻ፣ ከሦስቱ።

እንዳላየ ሆንኩ።
አይሻ፣ አልኩ።
ደወሌ።