አምስት ነጥብ ሁለት

ኤድመንተን፣ ጥር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
መስኮቱን በረገድኩት፣ ማዘርቦርዱ እንዲበርድ።
ቮልት ጨመርኩ፣ በቁንጥር፣ እንደ ሚጥሚጣ፤
ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ።
ሦስት ሌሊት እንዲህ፤ እኔ ካፖርት ደርቤ፣
እሱ ራቁቱን፤ እንቅልፌን ለፋኑ አስረክቤ።

ወይዘሮ ኦክሳና ከታች ኮርኒሱን በመጥረጊያ ወግተው ወግተው ወጡ፤
«ማሞቂያውን የምከፍል እኔ!» ከነነጠላ ጫማቸው መጡ።
«ቀስ ይበሉ፣ አምስት ነጥብ ሁለት ጊጋኸርዝ ላይ ነው» አልኳቸው፣
ሕፃን እንዳስተኛ ሰው።

ወንበር ሳቡ። ጓንት አጠለቁ።
አሥር ደቂቃ ሙሉ ቁጥሩን ከኔ ጋር ጠበቁ።
አልወደቀም።
«እና፣ አሁን ምን ይሠራል?» አሉኝ።
አፍሬ መስኮቱን ዘጋሁት፤
ድርግም።

መልሰው የከፈቱት እሳቸው ናቸው።