መወልወያዬን አስደግፌ

ሙሐረቅ ጤና ጣቢያ፣ አራተኛው ክፍል፤
«አትጠገብ፣ ነይ ቶሎ፣ ያገርሽ ልጅ መጥታለች» የሚል
ጥሪ ቢደርሰኝ፣
መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ፣
እጄን በሽርጤ ጠርጌ ገባሁኝ።

ጡይባ ትባላለች፣ የሐርቡ ልጅ ናት፤
እመቤቲቱ ግን ላፏ እንዲቀላት
«ሊሊ» ነው ያለቻት።
አጠገቧ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፣
«ሆዷን ነው፣ ራሷን ነው፣ ወገቧን ነው» ትላለች
የልጅቷን ቃል ገፍፋ።

በወር ውስጥ ስትመጣ ሦስተኛዋ ነው።
ደሟ ታይቷል፣ ራጅ ተነሥታለች፤
ከጨጓራ በቀር የተገኘ የለም፣
ጨጓራ ደግሞ የሌለው የለም።

ዶክተር ቡዱር መነጽሯን አወለቀች።
«እመቤቴ፣ ውጭ ይጠብቁን» አለች።
በሩ ሲገጠም
ጡይባ እንደ ተበሳ ጎማ ተነፈሰች።

ከዚያ ወረቀት መጣ፤ ዘጠኝ ጥያቄ።
«ባለፉት ሁለት ሳምንታት» ይላል እያንዳንዱ፤
ከሐኪሟ በዐረብኛ ይነሣል፣
በእኔ በኩል ያልፋል፣
ጡይባ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

አንደኛው፦ ደስታ ማጣት።
«ደስታ?» አለችኝ፤ «እኔ'ኮ ሥራ ላይ ነኝ።»
ለዚህ የሚሆን ሳጥን ወረቀቱ ላይ የለም።

ሁለተኛው ላይ እኔው ተሰናከልኩ።
ድብርት ልበላት? ድብርት እኛ ጋ
የእሑድ ከሰዓት ነገር ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሰው ሲናፍቅ።
«ሆድሽን ባር ባር ይልሻል ወይ?» አልኳት።
ቀና አለች።
«ባር ባር ብቻ?
አናቴን ያቃጥለኛል፣ እግሬን ጉንዳን ይሄድበታል፣
ሌሊት ልቤ ይደልቃል፣
ሠርግ ያለበት ቤት ይመስል።»

ጣሪያው ላይ አውሮፕላን አለፈ፤ መስኮቱ ተርገፈገፈ፤
እስኪጠፋ በጆሮዋ ሸኘችው።
«ሁሉንም እሸኛለሁ» አለች፤
«ወለል ስወለውል፣ ልጅ ሳጥብ፣ አንድም አያመልጠኝ።»
ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።
«መቼ ጀመረሽ?»

በስልክ ነው የተረዳችው።
መርዶ እንኳ ወግ አለው፦ ጎሕ ሲቀድ ነው፣
ሽማግሌ ከፊት፣ ጎረቤት ከኋላ፣
የሚወድቅ ሲወድቅ የሚይዝ እጅ ሞልቶ።
እሷ ማድቤት ነበረች፣ ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቶ፤
«እናትሽ…» አላት ስልኩ፤
እሷም ሩዙን አቀረበች።
ሰላጣውንም።
ፍራፍሬውንም።

ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ቶሎ አለፉ፦
እንቅልፍ የለም፣ አቅም የለም፣ እህል አይወርድም።
ዘጠነኛው ሲመጣ አንደበቴ ታሰረ።
መሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ ይባላል እንዴ፣
ያውም ለእኅት?
«ያላሰበችውን ባሳስባትስ?»
«መጠየቅ አያመጣውም» አለች ዶክተር ቡዱር፣
«የሚያሳድገው ዝምታ ነው።»

ጠየቅኳት።
ዝም አለች። ዝምታ አስተርጓሚ አይሻም፣
ሦስታችንም ሰማነው።
«ተመኝቻለሁ» አለች፤ «ላደርገው ግን አይደለም።
ደግሞ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ያን ጊዜ ያደረውን ለቅሶ ተላቀስን፣
ድምፃችንን ዋጥ አድርገን፣ ጤና ጣቢያ ነውና፤
ዶክተሯ የሶፍቱን ካርቶን ይዛ ጠበቀች፣
ወረፋው በር ላይ እያጉረመረመ።

በየሳምንቱ እሑድ ትምጣ ተባለ፤
የክኒን ነገር ቆይቶ ይታያል።
ሌሊት ቢብስባት የምትደውልበትን ቁጥር
መዳፏ ላይ ጻፍኩላት፣
ወረቀት ይወሰድባታልና።

ኮሪደሩ ላይ እመቤቲቱ ያዘችኝ፦ «ምን አለች?»
አስተርጓሚ ነኝ፤
የማላስተረጉመውም አለ።
«ጨጓራ ነው» አልኳት። «በየእሑዱ ይታያል።»

ባልዲዬን አነሣሁ።
እመቤቲቱ በእርጥቡ ወለል መሀል ለመሀል አለፈች፤
ጡይባ ግን ዳር ዳሩን፣
በጣቷ ጫፍ።