በሩ ተከፈተና

ሐሙስ፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ፣ አምስተኛ «ለ»፤
የጦሳ ጉም ወርዶ መስኮታችን ላይ አለ።
ሠላሳ ስምንት አፍንጫ በሹራብ እጅጌ ይጠረጋል፤
ደሴ በዚህ ወር እንዲህ ናት፤ ጠዋቱ እስከ ቀትር ይረዝማል።

ጠመኔዬን ይዤ ከሰሌዳው ቆምሁ፤
የሌለች ልጅ ማስታወሻ ከራሴ ቀዳሁ፦

«ማክሰኞ። ብርድ ነው።
አባዬ ዛሬ ከሎግያ ይገባል አሉኝ።
ሸዋ በር ቆሜ የጭነት መኪና ስቆጥር ዋልሁ።
አሥራ ሰባተኛው ቆመ።
በሩ ተከፈተና…»

«እቴነሽ ትባላለች፤ እኩያችሁ ናት፤
እዚህ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመባት።
ጨርሱላት» አልሁ።

ወዲያው እጅ ወጣ፤ ሰዒድ ነው፣ ከፊት፤
«ቲቸር፣ ስንት መስመር? ከስንት ነው ውጤት?»
«ቲቸር፣ የምር አለች?» አለች መክያ፣ ከጥግ።
«የለችም፤ ፈጠርኋት።»
«ታዲያ ለምን በረዳት?»
ዝም አልሁ፣ መልስ ስፈልግ።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደብተሮች መጡ፤
ስድስቱም በአንድ በር፣ በአንድ እግር ወጡ፦
«ከዚህ ታሪክ የምንማረው ወላጅን ማክበር ነው።»

ሣቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔው ነኝ ያስተማርሁት፤
ከያንዳንዱ ተረት ጅራት ምክር ያሰርሁት።

«እስቲ አስቡት» አልሁ፤ «መሽቷል፤ ቤቱ ተኝቷል፤
ከፍራሽ ሥር ያለ ደብተር ማን ያነብላታል?
ለራሷ ነው የምትጽፍ፤ ለራስ አይሰበክም፤
ያየችውን ትበል እንጂ ትርጉሙን አትሸከም።»

ላጲስ በየዴስኩ ዞረ፣ ወረቀት ተቀደደ፤
ያሲን ከመኪናው ሙክት ጎትቶ አወረደ፤
ሙክቱም ለብቻው ሁለት ገጽ ሄደ።

ብርቄ ሐረጎ ግርጌ ነው ያደገች፤
አባትየውን ትታ ስለ ሞተሩ ጻፈች፦
«ዳገቱን ወጥቶ ስለ ነበር ያለከልክ ነበር።
ሲያጠፉት ዝም ያለው ሰፈሩ ሁሉ ነው።»
(«ጎሽ!» አልኋት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።)

ጦይባ ግን… ጦይባ በክፍል አትናገርም፤
ስሟን ስጠራ እንኳ ድምጿ ከዴስኳ አያልፍም።
በክንዷ ከልላ፣ አንገቷን ቀብራ፣
ጣት በማይሞላ፣ በእርሳስ ሰባራ፦

«በሩ ተከፈተና አባዬ ወረደ።
በራሴ ላይ አሻግሮ ትንሽ ልጅ ፈለገ።
ከዚያ አወቀኝ። ጫማ አምጥቶልኛል። ቀይ ነው።
የተገዛው ሲሄድ በነበረው እግሬ ነው።
የእግር ጣቶቼን አጥፌ አደረግሁት።
ልክ ነው? አለኝ።
ልክ ነው አልሁት።
እስከ ቤት በእግራችን ሄድን፤ ሩቅ ነው»

አነበብሁ። መለስ ብዬ ደግሞ አነበብሁ።
ቀዩን እስክሪብቶዬን ከፍቼ ከደንሁ፤
መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ የለም፤ እሱንም ተውሁ።

ደወላችን ከባሕር ዛፉ የተንጠለጠለ
የአሮጌ ካሚዮን ቸርኬ ነው። ጮኸ።
ሰዒድ እየሮጠ አንድ መስመር አስረከበኝ፦
«መብራት ጠፋ። ነገ እጨርሰዋለሁ።»
«ይኼማ ማምለጫ ነው!»
«ኧረ ቲቸር፣ ወላሂ፣ እኛ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»
ምን ልበለው? ከአሥር ስንት ይሰጣል ለጨለማ?
እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ምልክት የለውማ።

ሲወጡ፣ የጦይባን እግር ላለማየት፣
ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ዳስተር አነሳሁ ለማጥፋት።
ማክሰኞ ጠፋ። ብርዱ ጠፋ። አሥራ ሰባቱም መኪና።
እጄ ቆመ እዚያች ላይ፦ «በሩ ተከፈተና…»

የከሰዓት ፈረቃ የሒሳብ መምህሩ
አላጠፋውም አሉ፤ ክፍልፋይ ጻፈ ከሥሩ።