የጠበባት ቆዳ

በክላክስቪክ ወደብ፣ ራንቫ ስትጽፍ ስትነድፍ፣
ለሌለ ደሴት ስም፣ ለሌለ ባሕር ጠረፍ፣
ሦስት ጨረቃ ሰቅላ፣ ለነፋስ ሕግ አውጥታ፣
ከማዕበል ሥር ሴት አወጣች አንድ ማታ፤
ቆዳዋን አውልቃ የምትጨፍር በዓለቱ ዳር፣
«ማንም ያላሰባት!» አለች ልቧ እስኪሰክር።

አጎቷ ሐኑስ ግን መረቡን ሲጠግን፣
ሰምቶ ሳቀ፦ «ልጄ፣ አውቃታለሁ ይህችን፤
ባሏ ቆዳዋን ሰርቆ፣ በሣጥን ቆልፎ፣
ቁልፉን የረሳ ለታ፣ ቀረ ባዶ ቤት አቅፎ።»

ወረቀቷን ልትቀድ ብድግ ስትል በምር፣
«ክሩ ከሱቅ ነው» አላት፣ «ያውም የመጣ በብድር፤
ቋጠሮው ግን የኔ ነው።»
ዝም አለ። ጮኸ ባሕር።

ሌሊት ጻፈች፦ ሴቷ ቁልፉን አገኘች፣
ሣጥኑን ከፍታ ቆዳዋን ለበሰች፣
ጠበባት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ ማንም አልነገራት።