እስማማለሁ

ሻርጃ፣ ከሮላ ጀርባ፣ ከፓኪስታኑ ልብስ ሰፊ ጎን፣
ሱቅ አለችኝ፤ ስዘረጋ ግድግዳ የሚመታው ክንዴን።
ስክሪን እቀይራለሁ፤ ያበጠ ባትሪ አወጣለሁ፤
ዐርብ ዐርብ ግን የሰው ጣት ሆኜ እውላለሁ፤
ፊደል ላልቆጠረ አነባለሁ፣ ቁልፍ ለጠፋው እከፍታለሁ፣
«እዚህ ጋ ንካልኝ» ላለኝ ሁሉ እነካለሁ።

በአንዱ ዐርብ፣ ነሐሴ ነው፣ እመት ደብሪቱ መጣች፤
አባያዋን ሰብስባ ከቬንትሌተሩ ሥር ተቀመጠች።
ሃያ ሁለት ዓመት አል አዝራ፣ በአንድ ማጀት የቆየች፣
የእመቤቷን ሦስት ልጆች አሳድጋ የዳረች።
«ልጄ» አለች ድምጿን ሰብራ፣ «ሰው የሚያገናኝ አለ አሉ፤
ላረጀም ይሆናል አሉ።»
ልትስቅ ቃጣትና ተወችው። እኔም አልሳቅሁም።

ስም? ይላል።
በፓስፖርቷ ዘይነብ ናት፤ ስሙን ደላላ ነው ያወጣላት፣
ዕድሜዋንም ከጫፉ ቆርጦ፣ እንደ ቀሚስ ያሳጠረላት።
«ዘይነብ!» ሲሏት «አቤት» እያለች፣
በውሸት ወረቀት ሥር፣ እንደ ዳስ፣ ተጠልላ ኖራለች።
«የቱን ልጻፍ?»
ዝም። የውጭው ወበቅ በሩን በትከሻው ይገፋል።
«ባል ለሚሆን ሰው» አለች፣ «በተውሶ ስም እንዴት ይታጫል?
ደብሪቱ በል። ሃምሳ ዘጠኝ በል። ባሏ የሞተባት በል።
ደም ግፊት አለባት በል፤ ኋላ ሰምቶ ከሚከፋው፣ ዛሬውኑ ይወቅ በል።»
ለነፍስ አባቷ እንኳ ዕድሜዋን ሸራርፋ የነገረች፣
ለስልክ ቃሏን ሰጠች፤ አንዲት ዓመት ሳታስቀር አራገፈች።

ከዚያ ረጅም ጽሑፍ መጣ።
«ምን ይላል?»
«የተለመደ ነው።»
ከኋላዋ ሦስት ሰው ቆሟል፣ አንዱ በሳንቲም መስታወቱን ያንኳኳል፤
በአውራ ጣቴ ገፋሁት፣ ጽሑፉ እንደ ገደል ናዳ ይወርዳል፤
ከሥር አንዲት አረንጓዴ ቃል፦ እስማማለሁ።
ነካኋት። የተስማማችው እሷ፣ የነካው ጣት የኔ። እስካሁን አየዋለሁ።

ሰው ተገኘ። አጅማን፣ የመርከብ ቀለም ቀቢ የነበረ፣
አቶ ወንዳፈራሁ፣ ድምፁ በሳል የተሰባበረ።
ስለ ጉልበቱ ያወራታል፣ ስለ ድመቱ፣ ስለ ባሕሩ ሽታ፤
ሁለት ወር ኩል ተኳለች፣ ዐርብ ከሰዓት፣ ፈታ፣ ፈታ።
እሱ ሐሰት አልነበረም። ይህን ልብ በሉልኝ።
ሌባው የገባው በሌላ በር ነው፤ ሳላውቅ የከፈትኩት እኔው ነኝ።

መጀመሪያ የግፊት ኪኒን ማስታወቂያ፤ ቀጥሎ የቀብር መድን፤
ቀጥሎ፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣ ያልታወቀ ቁጥር ይህን፦
«ዘይነብ የምትባይው ደብሪቱ። ሃምሳ ዘጠኝ።
ከመስጊዱ ሁለተኛው በር። ዐርብ ከሰዓት ትወጫለሽ።
ሦስት ሺህ ድርሃም፤ አለዚያ ለእመቤትሽ።»

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው፣ እንደ ትኩስ ድስት።
«እዚህ አገር» አለች፣ «ስሜን ከነቤቴ የሚያውቁ ሁለት ናቸው፤
አንዱ እግዜር፣ አንዱ አንተ። ማንኛችሁ ናችሁ?»

ላስረዳት ሞከርኩ፤ ኩባንያ ለኩባንያ፣ ዝርዝር ለዝርዝር፣
ስሟ ከሺህ ስም ጋር ታስሮ፣ እንደ አሞሌ ጨው ሲዘዋወር…
«ተሸጠ ነው የምትለኝ?»
«ተሸጠ።»
«ስንት አወጣ?»
አላውቅም።
«ያ ደላላ እንኳ» አለች፣ «እኔን ሲያመጣ ዋጋዬን ነግሮኛል።»

አጥፋው አለች፤ አጠፋሁት። ስልኩ ግን «የተወሰነው ይቆያል» አለ፤
«የት ነው የሚቆየው?» ብትለኝ ምላሴ ዛለ።
«የአጅማኑን ግን አትንካብኝ፤ ቁጥሩን በወረቀት አድርግልኝ።»
በደረሰኝ ጻፍኩላት። ቁጥር ታነባለች፤ አንድ በአንድ በጣቷ አስቆጠረችኝ፤
በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። ሦስት ሺውን ትክፈል አትክፈል፣ አልነገረችኝ።

ማታ ሱቄን ስዘጋ፣ የደረሰኙን ጥራዝ አነሣሁ፤
ከነጩ ሥር፣ በቢጫው ቅጠል፣ ካርቦኑ የቀዳውን አየሁ፤
ዐሥሩም ቁጥር። በገዛ እጄ ጽሕፈት።
ቀደድኩት።
ከሥሩ ደግሞ ሮዝ ቅጠል አለ።