ማን ልበል?

ዊኒፔግ፤ የካቲት፤ ሠላሳ ስምንት ነው ከዜሮ በታች።
ዳርካ የመኪናዋን ገመድ ከግድግዳው ሰክታ መጥታለች፣
ሞተሩ ደርቆ እንዳይቀር። ጓንቷን በጥርሷ ስባ፣
ጣቶቿን በትንፋሽ አፍታታ፣
በበረዶ ባልዲው ላይ ብልቃጥ ትደረድራለች።

ስድስት ዓመት የፈለግነው አንድ ደጅ ነው።
መልእክተኛውን እናውቀዋለን፤ ክብደቱን ለክተነዋል፣
ትኩሳት እንደሚያነሣ፣ መገጣጠሚያ እንደሚያቃጥል።
የቸገረን የቱን በር እንደሚያንኳኳ፣
ማን ብቅ ብሎ «ማን ልበል?» እንደሚል።

ጨረር በሚተፋ አዮዲን ጆሮውን በስተን ለቀቅነው።
ሴሎቹን በረዶ ላይ ያስተኛናቸው ለዚህ ነው፦
ሲሞቃቸው ወደ ውስጥ ይውጡታል፣
እኛ ደግሞ ደጃፍ ላይ እንደቆመ ልንይዘው።

ሁለት ሰዓት ደጅ ጠና። አጠብን፤ ደግመን አጠብን።
መቁጠሪያው ተንጣጣ፦ አራት ሺህ ከምናምን።
«አትደሰት» አለች ዳርካ፣ «ፕላስቲኩም ይይዛል።
ምልክት የሌለውን ወንድሙን መቶ እጥፍ አድርገህ ላክበት፤
ቦታው እውነት የእሱ ከሆነ፣ በወንድሙ ይነጠቃል።»

ላክን።
ቁጥሩ ወደቀ፦ ሦስት መቶ።

አሰላን። በአንድ ሴል ገላ ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ በር፤
ከአንድ መንደር ያነሰ ደጃፍ!
በዚህች ጥቂት ነው ለካ ሰው ሙሉ እንደ ችቦ የሚነድ።

ከዚያ በኬሚካል ሙጫ እጁን ከበሩ አጣበቅን፣
ጄል ላይ አስሮጥነው፤ ፊልሙን
ከማቀዝቀዣው ግርጌ ዘጠኝ ቀን ቀበርን።
በዐሥረኛው፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀይ መብራት፣
አንድ ጥቁር መስመር ስንጠብቅ ሁለት ወጡ፦
አንዱ ወፍራም፣
አንዱ እንደ ቅንድብ ቀጭን።

«ቀጭኑ ቆሻሻ ነው» አልኩ።
ዳርካ ዝም። ጣቷን ወደ ፊልሙ አስጠጋች፤
ያን ጣት፣ አንጓው ያበጠ፣
ጠዋት ጠዋት ኩባያ የማይጨብጥ፣
ሐኪሟ ስም የሰጠውን፣ እኔ አንድም ቀን ያልጠየቅኋትን።
«ወፍራሙ ይይዘዋል» አለች፣ «ቀጭኑ ለውስጥ ይናገራል።
በረኛ ብቻውን ምን ይሠራል? ወሬ አድራሽ ያስፈልገዋል።»

ልክ ነበረች። ለማስረዳት ግን ዐሥራ አራት ወር ፈጀ።

ያን ማታ መኪና ማቆሚያው ላይ
ገመዱ በብርዱ እንደ ከዘራ ደርቆ፣
ሶኬቱን ለመንቀል በሁለት እጇ ስትታገል አየኋት።
ሁለት መቶ ሠላሳ፣ በእያንዳንዷ ሴል፤
በእነዚያ እጆች ውስጥ ስንት ደጅ ይንኳኳ ይሆን?
ማባዛት ጀመርኩና
ተውኩት። ሄጄ ገመዱን ያዝኩላት።
«ማነው?» አለች ሳትዞር፣ በኮፍያዋ ውስጥ።